እጣ አውጪው እንግዳ

ክንፈን ሊቀመንበር ያደረጉት ስለወደዱት እንዳይመስላችሁ። ስለማይጮህ ነው። ከአዲስ አበባ የተላኩት ተማሪዎች፣ ዘማቾቹ፣ የሰንበሌጥን መንደር ሰው ከወይራው ስር ሰብስበው "ጭቃ ሹም ቀረ፤ ከእንግዲህ የገበሬ ማህበር ነው፤ የምታምኑትን ምረጡ" ሲሉ፣ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጎን አየና "ይኸ ከተሾመ እኔን ይበላኛል" ብሎ ፈራ። ስለዚህ ማንንም መብላት የማይችል ሰው ተፈለገ። ክንፈ ከወደኋላ ተቀምጦ ከተረከዙ እሾህ ሲነቅል ነበር። እሾሁን ነቅሎ ሳይጨርስ ተሾመ። "ሹመት ያዳብር!" እያሉ ሳቁበት።

አይ ሹመት! ከዚያች ቀን ወዲህ ክንፈ እረፍት የሚባል ነገር አላየም። ድንበር የተገፋበት፣ በሬ የጠፋበት፣ ከሚስቱ የተጣላ፣ ሁሉም ወደሱ ደጅ። ከአውራጃው ከተማ ከመካነ ሰላም ደግሞ "ሊቀመንበር ይምጣ" የሚል መልእክት የማይደርስበት ሳምንት የለም። ተነስቶ ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ይጎለታል፤ ሲገባ "ሰፊው ህዝብ ይወስናል" ይሉታል። ይመለሳል። ሰፊው ህዝብ ደግሞ "አንተ ወስን እንጂ! ለምን ሾምንህ?" ይለዋል። በዚህ መሀል የራሱ ማሳ አረም ዋጠው። ሚስቱ አልታዬ "እንግዲህ ዘንድሮ ሹመቱን ወቅተን እንበላዋለና" ትለው ነበር፤ ስትለው ግን አትስቅም።

በዚህ ሁሉ ላይ የአብዱልጀሊል ነገር ተጨመረበት።

አብዱልጀሊል የየጁ ቆላ ሰው ነው። በዚያ ክፉ ዘመን ሰማዩ ጠብታ አልሰጥ ሲል፣ ከብቱ አልቆ ጎተራው ሲራቆት፣ ሚስቱን ሳዲያንና አንድ ፍሬ ልጁን ይዞ ከቀየው ወጣ። ደሴ ሲደርሱ ጎዳናው እንደነሱ ባለ ሰው ሞልቶ አገኙት። "ወደ ቦረና እህል አለ" የሚል ወሬ ሰሙና ወደዚያው ወደ ወሎ ቦረና በእግራቸው ቀጠሉ። መካነ ሰላም ሲደርሱ የገበያው ዳር በችግረኛ ተጥለቅልቋል። ያን ጊዜ የነበሩት ሹማምንት ሰዉን ለየመንደሩ ደለደሉት፤ የሰንበሌጥን ድርሻ ጭቃ ሹሙ ከፊቱ አድርጎ አመጣው። እንደ ከብት ማለት ነውር ነው እንጂ፣ ያው እንደ ከብት ነበር።

ሰንበሌጥም የጠገበች አገር አይደለችም፤ የዚያን ዓመት ገብሷን ውርጭ መትቶባት ነበር። ቢሆንም ሰዉ ክፉ አልሆነም፤ ይኸን መካድ ግፍ ነው። አንዱ ጎጆ ለቀቀ፣ አንዱ ባቄላ ቆነጠረ። አልታዬ የሳዲያን ልጅ ጀርባ ላይ እንደታዘለ አየችውና አንጀቷ አልቻለም፤ "ጓሮ ያለው የበግ ቤት ይጠረግ" አለች። ክንፈም "እሺ" አለ። እሺ ማለት ለሱ ከብዶት አያውቅም።

ልጁ ግን አልሰነበተም። የጉድ አገር! ረሀቡን ተሻግሮ፣ እህል ቀምሶ፣ ፊቱ ወዝ ከያዘ በኋላ ተቅማጥ ወሰደው። ያን ቀን ቅሬው ወጣ። ቅሬ ማለት የሰንበሌጥ እስላምና ክርስቲያን አንድ ላይ የሚቀባበርበት ማህበር ነው፤ ለመጤ አይወጣም፣ ደንቡ ነው። ለዚያ ልጅ ግን ማንም ሳይቀሰቅሰው ሰው ዶማውን ይዞ ወጣ። ለመንደሩ ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩት ሸህ አብዱሰላም ሰገዱበት፤ ጉድጓዱን የቆፈሩት የክርስቲያን ጎረምሶች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሳዲያ "አገሬ" ስትል ሰንበሌጥን ማለቷ ሆነ። በየጁ ዝናብ ዘነበ ተብሎ ሌሎቹ ችግረኞች ወደየቀያቸው ሲመለሱ፣ እሷ "ደህና ግቡ፤ እኔ ልጄን ብቻውን ትቼ የትም አልሄድም" አለች። አብዱልጀሊልም "እሷ ካልሄደች እኔ የት እሄዳለሁ" ብሎ ተቀመጠ።

ተቀምጦም አልቦዘነ። ሞፈር ሲሰበር ይጠርባል፣ ቀንበር ያስተካክላል፣ አጨዳ ላይ ከማንም ቀድሞ ይደርሳል። የማሽላ አገር ሰው ገብስ ለመደ። መጀመሪያ ሰሞን ውርጭ የወረደበትን ሜዳ ማለዳ ወጥቶ አየና "አያ ክንፈ፣ ኧረ እዚህ አገር ሌሊት ሌሊት ጨው የሚበትነው ማነው?" ብሎ ክንፈን በሳቅ ገደለው። ክንፈ ከሹመቱ ወዲህም የሚስቀው ምናልባት በሱ ቀልድ ብቻ ነው።

እንግዲህ መሬት ለአራሹ ታውጇል። ሰንበሌጥም መሬቷን በገመድ ለክታ ልትከፋፈል ተነሳች። ክንፈ ይኸን እንደሰማ ቀጥ ብሎ መካነ ሰላም ወረደ።

"ጌታዬ" አለ፣ ተራው ደርሶ ሲገባ፤ "እኛ ዘንድ ከየጁ የመጣ አንድ አባወራ አለ። መሬቱ ሲከፋፈል ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?"

ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰው ገና ጎልማሳ ነው፤ ዓይኑ ግን በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። "ነዋሪ ነው?" አለ።

"ይኖራል።"

"መኖር ሌላ፣ ነዋሪ መሆን ሌላ ነው አባቴ። ነዋሪ ነው ብሎ የሚቀበለው ማህበራችሁ ነው።"

"ማህበሩ ደግሞ እናንተን ጠይቅ ማለቱ አይቀርም።"

ሰውየው ግንባሩን በመዳፉ አሸት አደረገ። "እኔም የበላዮቼን ጠይቄ የመለሱልኝ ይኸንኑ ነው። መሬት ያገኘ ባለበት ይቀራል። ያላገኘ ለሰፈራ ይወሰዳል፤ ክረምቱ ጠንክሮ ሳይገባ በገበያ ቀን መኪና ይመጣል። ወዴት እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ አላውቅም። ቆላ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።"

እንዲህ ነው ነገሩ። ከላይ ሲገፋ ሲገፋ የመጣው ነገር ክንፈ ላይ ደርሶ ቆመ። ከሱ በታች ማን አለና ወደ ማን ይግፋው? ዳገቱን እያቃሰተ ወጥቶ ቤቱ ገባ።

"ምን አሉ?" አለች አልታዬ፣ ገና ዱላውን ሳያስቀምጥ። ነገራት። "እንዲያማ ከሆነ ቀላል ነው" አለች። "አንድ ቃል እኮ ናት። 'ይኸም ከኛው ነው፣ ይቆጠር' ትላለህ። ሊቀመንበር አይደለህ?"

"እላለሁ።"

"ማልልኝ።"

"በገብርኤል!"

ሳዲያ ከደጅ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ ገብታ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ክንፈ ብድግ ብሎ ያዛት። "አፈር ስሆን አያ ክንፈ፣ ከልጄ አይለዩኝ" አለች። አብዱልጀሊል ግን በሩ ላይ እንደቆመ "አብሽሩ፤ ቢሆንም ባይሆንም የአላህ ነው። እርስዎን ግን አይክፋዎት" አለ። ክንፈን ከሳዲያ ልመና ይልቅ ይኸ አነጋገር ከበደው።

ጉባኤው ወይራው ስር ተጀመረ። ተጀመረ ማለት ጩኸቱ ተጀመረ ማለት ነው። የወንዝ ዳሩ መሬት ጥቁርና ለም ነው፤ የአፋፉ ደግሞ ጭንጫ፤ ስለዚህ ወንዝ ዳሩን ሁሉም ፈለገው፣ አፋፉን ሁሉም ለጎረቤቱ ተመኘለት። ገመዱ ረዘመ አጠረ ተባለ፣ ገመድ የያዘው ሰው ተሰደበ፣ ገመዱም ራሱ ተሰደበ። ክንፈ በየመሀሉ "እኔ ዘንድ ደግሞ አንድ ነገር ነበረች..." እያለ ይነሳል፤ "ቆይ እስቲ ሊቀመንበር፣ መጀመሪያ ይኸ ይለቅ" እያሉ ያስቀምጡታል። ከሁሉ የሚብሰው ንጉሡ የሚባለው ነው፤ ልጆቹ የበዙበት፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው። ማንንም ሳይጠራ "የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፣ ሌላ ምን አለ!" ይላል። ይኸ ሲባል አብዱልጀሊል ከሰዉ ራቅ ብሎ ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ መሬት መሬት ያያል።

እንዲህ ሲባል ቀናት አለፉ። ክንፈ ድምፁ ዘግቶ፣ ዝሎ፣ ማታ ማታ ሲገባ እህል እንኳ ሳይቀምስ ጋደም ይላል። አልታዬ "ተናገርክ?" ትለዋለች። "ነገ" ይላታል። ይቺ ነገ የምትባል ነገር ስንቱን ቤት አፍርሳለች!

በመጨረሻ መሬቱ ተለክቶ አለቀና የቀረው እጣ ሆነ። የሰንበሌጥ እጣ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ አባወራ የራሱን ምልክት ያመጣል፤ አንዱ የቀንድ ስባሪ፣ አንዱ የተቋጠረ ጭራሮ፣ አንዱ ገል፣ አንዱ የፍየል በጠጥ። ሁሉም አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባል። እጣ አውጪው ከማሳ ማሳ እየዞረ አንዳንድ ምልክት እያወጣ ይጥላል፤ ምልክትህ የወደቀበት ማሳ ያንተ ነው። ታዲያ የማን ምልክት የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በጣቱ ዳብሶ መምረጥ ይችላል። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ እጣ የሚያወጣው ባይተዋር ነው፤ መንገደኛ ነጋዴ ወይም የቆሎ ተማሪ ይፈለጋል። እጣ አውጪ ደግሞ እጣ የለውም። ያወጣል፣ ይበላል፣ ይመረቃል፣ ይሄዳል።

የዚያን ቀን መንገደኛ ጠፋ። "ውበቱ ያውጣ" አለ አንዱ። "ውበቱማ የንጉሡ አማች አይደለም እንዴ!" አለ ሌላው። የቄሱ ወንድም ተጠራ፤ የእገሌ አበ ልጅ ነው ተባለ። ሌላ ተጠራ፤ የእገሊት የእህት ልጅ ነው ተባለ። ወይ ሰንበሌጥ! ለካ ሁሉም ዘመድ ነው፣ የተጣላውም ለዚሁ ነው። ከወደ አባይ ደመናው እየጠቆረ መጣ። ዝናብ ከቀደመ ዘር መድረሻ የለውም፤ ሰዉ ሰማይ ሰማይ እያየ መቁነጥነጥ ጀመረ።

ይኸኔ ንጉሡ ዞር ሲል ዓይኑ አብዱልጀሊል ላይ አረፈ።

"ኧረ እኛ ምን ነካን?" ብሎ ጮኸ። "እንግዳችን ቁጭ ብሎ! ዘመድ የለው፣ ወገን የለው፣ እጁ ንጹህ! እሱ ያውጣልና!"

"እሰይ! እውነትም!" አለ ሰዉ። "የሰው ጨዋ! ተነስ እንጂ አብዱልጀሊል!"

ንጉሡ ተንኮል አስቦ ይሁን ቸኩሎ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እሱ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ክንፈ ግን ገብቶታል። ገና ከንጉሡ አፍ ሳይወጣ ነው የገባው። አሁን ተነስቶ "አይሆንም! ይኸ ሰው ምልክቱን ይጨምር እንጂ እጣ አያወጣም" ማለት አለበት፤ የማለበት ቃል ይኸ ነው። ይኸን ካለ ንጉሡ ይነሳል፤ "ለመጤ ነው የለካነው?" ይላል፤ ሌላው ይከተለዋል፤ ገመዱ እንደገና ይወጣል፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ወይራው ስር ነው። ከተቀመጠበት አልተነሳም። የጮኸለት ሰው ቢኖር፣ አንድ ሰው ብቻ "ኧረ ይኸ ግፍ ነው" ቢል፣ ደግፎት ይነሳ ነበር። ዙሪያውን አየ፤ ሁሉም ጆንያውን ነው የሚያየው። "ከእጣው በኋላ ጽሕፈት ቤቱን አነጋግሬ አስተካክለዋለሁ" አለ በሆዱ። ይኸን ሲያስብ ትንሽ ቀለለው፤ እውነቱን ለመናገር ደስም አለው፣ ጉባኤው ሊያልቅ ነዋ።

አብዱልጀሊል ተነስቶ መጣ። ሸህ አብዱሰላምና ቄሱ ሊመርቁ ቆሙ። ዱዓ ከመደረጉ በፊት ሽማግሌው "የቀረ አለ?" ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን የሚሰጠው ጉባኤውን የያዘው ሰው ነው፤ ይኸም ደንብ ነው።

"ሊቀመንበር" አሉ ሸህ አብዱሰላም፣ "የቀረ አለ?"

አብዱልጀሊል እጁን ጆንያው አፍ ላይ አድርጎ ዞር ብሎ ክንፈን አየው።

"የለም" አለ ክንፈ። "ይባረክ።"

"አሚን!" አለ ሰዉ።

አብዱልጀሊል ቀኑን ሙሉ ከማሳ ማሳ ዞረ። ዓይኑን ወደ ሰማይ አድርጎ ያወጣል፣ "ቢስሚላህ" ብሎ ይጥላል። አንድም ሰው አልተከራከረውም። የንጉሡ ጭራሮ ጭንጫ ላይ ወደቀ፤ ንጉሡም እንኳ ከንፈሩን ነክሶ "ይሁና፣ የእግዜር ነው" አለ። የክንፈ የቀንድ ስባሪ ወንዝ ዳሩ ላይ፣ ጥቁሩ አፈር ላይ ወደቀች። ጆንያው ባዶ ሲሆን ሰዉ እየመጣ አብዱልጀሊልን ትከሻውን ሳመው፣ "ክፉ አይንካህ፣ እጅህ ይባረክ" አለው። ወዲያው ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረና ሁሉም ድንበሩ ላይ ድንጋይ ሊተክል ወደየማሳው ሮጠ። ወይራው ስር ክንፈና አብዱልጀሊል ብቻ ቀሩ። አብዱልጀሊል ጆንያውን አራግፎ፣ አጣጥፎ ለክንፈ ሰጠውና "እንግባ አያ ክንፈ፣ በሰበሱ" አለው።

አልታዬ ዘንድ ወሬው ቀድሞ ደርሶ ነበር። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። "የማልክበት ገብርኤል ያውቅልሃል" አለችው፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልተነፈሰችለትም። ምግቡን ታቀርባለች፣ ታነሳለች፣ በቃ።

ክንፈ በማግስቱ ጭቃውን እየረገጠ መካነ ሰላም ወረደ። "እጣው ወጥቷል?" አለው ያው ሰው። "ወጥቷል።" "ሰውየው መሬት አገኘ?" "አላገኘም።" "እንግዲህ ምን ላድርግልህ አባቴ?"

"ከራሴ ላይ ቆርጬ ልስጠው። ወንዝ ዳር ደርሶኛል፣ ለሁለት ይበቃል።"

"መሬቱ ያንተ አይደለም፣ የህዝብ ነው። የምትቆርጠው ምንህን ነው?"

"በእኩል ይረስልኝ እንግዲያው።"

"እሱማ ጭራሽ አዋጁ የሻረው ነገር ነው! አራሽና አሳራሽ እኮ ቀረ።" ሰውየው ይኸን ሲል ድምፁ ለስለስ አለ። "ጉባኤውን መልሰህ ሰብስብና ይቀበሉት፤ እኔ እመዘግበዋለሁ። መኪናው እስኪመጣ ጊዜ አለህ።"

ክንፈ ተመልሶ ቤት ለቤት ዞረ። ሰው ሁሉ ሊዘራ ወጥቷል። ማሳ ድረስ እየሄደ ለመነ። "ምን ገዶኝ ሊቀመንበር፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ግን አሁን ከማን ላይ ይነሳል?" አለው አንዱ። "ጉባኤው ላይ ብታነሳው ኖሮ ማን እምቢ ይል ነበር?" አለው ሌላው። ይኸን የሚሉት እየበዙ ሄዱ። ሁለተኛው ሰው እንኳ ለይምሰል ሊሆን ይችላል የተናገረው፤ ንጉሡ ግን፣ ያ ምላሰኛ፣ ጭንጫው ላይ በሬውን አቁሞ "እኔ ራሴ እስክትናገር ጠብቄህ ነበር" ሲለው ክንፈ የሚገባበት ጠፋው። እንደዚያም ሆኖ ጉባኤ ጠራ፤ ወይራው ስር የመጡት ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፤ ዝናቡም በተናቸው።

የገበያው ቀን ደረሰ። ሳዲያ ጎህ ሳይቀድ ወደ መቃብሩ ሄዳ ነበር፤ አልታዬ ሄዳ ደግፋ አመጣቻት። መንደሩ ጫፍ ላይ ሁለቱ ተቃቅፈው ቆሙ። "እህቴ" አለች ሳዲያ፣ "ገብስሽን ስታርሚ የሱንም ዙሪያ አርሚልኝ።" አልታዬ የሳዲያን ነጠላ ትከሻዋ ላይ አስተካከለችላት። ከዚያ ወዲያ መሄድ አልቻለችም፣ እዚያው ቀረች። ክንፈ ጓዛቸውን ተሸክሞ ተከተላቸው።

መካነ ሰላም ገበያ ዳር የጭነት መኪናው ቆሟል። ከየመንደሩ የመጣው መሬት አልባ ሁሉ እየተገፋፋ ይወጣል። ሳዲያን በእጇ ስበው አወጧት፤ ጥግ ይዛ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አብዱልጀሊል ሊወጣ ሲል ክንፈ እጁን ያዘው።

"ደንባችንን አለማወቅህ ነው የጎዳህ" አለው። "ብታውቅ እጣውን አላወጣም ትል ነበር።"

"የቱን ደንብ?"

"እጣ አውጪ እጣ የለውም የሚለውን።"

"እኛም አገር እኮ ያው ነው አያ ክንፈ" አለ አብዱልጀሊል። "ለቀያችን መንገደኛ እየፈለገ የሚያመጣው አባቴ ነበር።"

ክንፈ ክው አለ። "ታዲያ እያወቅህ ምን ሆነህ እጅህን ሰደድህ?"

"ልጄን የቀበረልኝን አገር ምን ብዬ እምቢ ልበለው? እንግዳ በራሱ አፍ 'የኔ ድርሻስ' ይላል እንዴ? ነውር ነው። ሸሁ 'የቀረ አለ' ሲሉ ዞሬ አየሁዎት። እርስዎ ይሉልኛል ብዬ ነበር።" ጓዙን ከክንፈ ተቀብሎ መኪናው ላይ ጫነ። "ግን ደክሞዎት ነበር። አየሁ እኮ። በጣም ደክሞዎት ነበር። አልተቀየምኩም።"

ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። አብዱልጀሊል የክንፈን ትከሻ ስሞ "አላህ ጉልበቱን ይስጥዎ፤ ወንዝ ዳሩን ያብቅልልዎ" ብሎ ወጣ። መኪናው ጭቃውን እየረጨ ሄደ።

ክንፈ ቤቱ ሲደርስ መሽቶ ነበር። አልታዬ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀችው። ከእጣው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችው።

"ምን ብሎህ ሄደ?" አለችው።

"መረቀኝ" አለ ክንፈ።

አልታዬ ቀና ብላ ብዙ አየችው።

"ምነው በረገመህ" አለችና ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች።